ሲቲ ስካን ፈርቶ መቅረትም አደጋ አለው፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ሲቲ ስካን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። እኔ ያየሁት ታካሚዎች አሳይተውኝ ነው። «ይሄ እውነት ነው እንዴ?» ይሉኛል። የምሠራው ራጅና ሲቲ ስካን ክፍል ስለሆነ ጥያቄው ደስ ይለኛል። የሚያሳስቡኝ ሳይጠይቁ የሚቀሩት ናቸው። ጽሑፉን አንብበው፣ የሐኪሙን ወረቀት አጣጥፈው ወደ ቤት የሚመለሱት።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። አንድ ሲቲ ስካን ከ500 ራጅ ጋር እኩል ነው። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዓመት ከ100 ሺህ በላይ ሰው ገድሏል። ሐኪም ሲያዝላችሁ «በኤምአርአይ ይቀየርልኝ» በሉ። በደም ሥር የሚሰጠው ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ ፈሳሽ) ኩላሊት ስለሚያበላሽ እምቢ በሉ። የባህር ምግብ የማይስማማው ሰው ጭራሽ አይነካው። ሜትፎርሚን የሚወስድ የስኳር ታካሚ ከሳምንት በፊት መድኃኒቱን ያቁም። ነፍሰ ጡር በፍጹም አትነሳ። የምታጠባ እናት ለአንድ ሳምንት ጡት አትስጥ። ሲቲ ስካን ከተነሳችሁ በኋላ ጨረሩ እንዲወጣ ወተት ጠጡ፣ ያን ቀን ልጅ አትቀፉ።

ጸሐፊው ክፉ አስበው እንዳልጻፉት ይገባኛል። አንድ ነገር ላይም እውነት አላቸው፦ ሲቲ ስካን ሳያስፈልግ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ፤ ታካሚውም ብዙ ጊዜ የሚነግረው ሰው የለም። ግን ከዚህ እውነት ተነስተው የሰጡት ምክር ሰው ይጎዳል። ስለዚህ በየነጥቡ ልመልስ።

ከ500 ራጅ እንጀምር። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን በአማካይ 8 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ጨረር ይሰጣል። አንድ የደረት ራጅ ደግሞ 0.02 ያህል ነው። ሲካፈል 400 ይመጣል። ማሽኑ ወይም አነሳሱ ለየት ካለ 500ም ሊደርስ ይችላል። ችግሩ ለማነጻጸሪያ የተመረጠው ነገር ነው። የደረት ራጅ በጣም አነስተኛ ጨረር ከሚሰጡት ምርመራዎች አንዱ ነው። ሳንባ አየር ስለሞላው ጨረሩ በቀላሉ ያልፋል። ለወገብ ህመም የምንነሳውን ራጅ እንይ፤ 1.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። የጭንቅላት ሲቲ ስካን ደግሞ ከ1.6 እስከ 2 ቢሆን ነው። ሁለቱ ያን ያህል አይራራቁም። የወገብ ራጅ ታዞለት ፈርቶ የሚመለስ ሰው ግን አላየሁም። የደረት ሲቲ ስካን 6 አካባቢ ነው። «ሲቲ ስካን» ብሎ ሁሉንም በአንድ ቁጥር መጠቅለል አይቻልም።

ሌላም ማነጻጸሪያ አለ። ምንም ምርመራ የማያደርግ ሰው እንኳ ከአፈር፣ ከድንጋይ፣ ከሚተነፍሰው አየር፣ ከምግብና ከሰማይ ጨረር ይደርሰዋል። የዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። ከሰማይ የሚመጣው ድርሻ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል። በዚህ በኩል አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው ጅቡቲ ከሚኖረው የበለጠ ያገኘዋል። እንግዲህ የሆድ ሲቲ ስካን ማለት ከተፈጥሮ በሦስት ዓመት ከምናምን የምናገኘውን በአንዴ መውሰድ ነው። ምንም አይደለም አልልም። ግን ሞትም አይደለም።

አደጋው ስንት ነው? የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለታካሚዎች ሲያስረዳ 10 ሚሊሲቨርት የሚሰጥ አንድ ምርመራ ለሞት በሚያደርስ ካንሰር የመያዝን ዕድል ከ2000 በ1 ያህል ሊጨምር እንደሚችል ይገልጻል። እዚያው አገር ያለ ምንም ሲቲ ስካን ከ2000 ሰው 400 ያህሉ በካንሰር ይሞታል። ስለዚህ 2000ውም ሰው ቢነሳ 400 የነበረው 401 ይሆናል ማለት ነው። ይህም ግምት ነው። መሠረቱ በዋናነት ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ ቦምብ የተረፉ ሰዎች ላይ የተደረገ የረጅም ጊዜ ክትትል ነው። ከዚያ ተነስቶ ለትንሹ መጠን ይሰላል።

«100 ሺህ ሰው ገድሏል» የሚለውም ከእውነተኛ ጥናት የተቀዳ ይመስለኛል፤ ግን ተጣሟል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አለ። በ2023 እዚያ አገር 93 ሚሊዮን ያህል ሲቲ ስካን ተነስቷል፤ ከእነዚህ የተነሳ ወደፊት 103 ሺህ ያህል ካንሰር ሊመጣ ይችላል ብሎ አስልቷል። ሞት አልቆጠረም። የታመመ ሰውም አልቆጠረም። በሞዴል የተሠራ የወደፊት ግምት ነው። አካፍሉት፤ በ900 ምርመራ አንድ ገደማ ይመጣል። አጥኚዎቹም ሲቲ ስካን ይቁም አላሉም። ያሉት አላስፈላጊው ይቀንስ፣ የሚሰጠውም የጨረር መጠን ዝቅ ይበል ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ጽሑፉ ግን ይህን ትቶ ቁጥሩን ብቻ አንጠልጥሎ መጣ።

ጸሐፊው በጣም መጮህ የነበረባቸው ስለ ልጆች ነበር። በአንድ መስመር አልፈውታል። የሕፃን ሴሎች በፍጥነት ይከፋፈላሉ፤ ከፊቱም ረጅም ዕድሜ አለ። ስለዚህ ያው መጠን ለልጅ የበለጠ አደጋ አለው። ልጃችሁ ወድቆ ጭንቅላቱን ቢመታና ነቅቶ የሚጫወት፣ የማያስታውክ፣ እንደ ወትሮው የሆነ ከሆነ ሐኪሙ ሲቲ ስካን ሳያዝ ለጥቂት ሰዓታት ሊከታተለው ይችላል። ይህ ቸልተኝነት አይደለም፤ ትክክለኛ ሕክምና ነው። ለትርፍ አንጀት ጥርጣሬም ልጅ መጀመሪያ በአልትራሳውንድ ይታያል። ሲቲ ስካን የግድ ከሆነ ደግሞ «የልጅ መጠን ተስተካክሏል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ወላጅ አዋቂ ነው፤ ባለሙያ አይቀየምም።

ኤምአርአይን በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ። ኤምአርአይ የሚሠራው በማግኔት ስለሆነ እንዲህ ያለ ጨረር የለውም፤ እውነት ነው። ግን «የተሻለ ሲቲ ስካን» አይደለም። ሌላ ምርመራ ነው። ሲቲ ስካን በሰከንዶች ያነሳል፤ ኤምአርአይ ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በመኪና አደጋ ለመጣ ሰው፣ ለኩላሊት ጠጠር፣ ለተሰበረ አጥንት፣ ለሳንባ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሲቲ ስካን ነው። ለአንጎልና ለሕብለ ሰረሰር ዝርዝር፣ ለጅማትና ለጉልበት ኤምአርአይ ይሻላል። የልብ ማስተካከያ ወይም ሌላ ብረት ሰውነቱ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ኤምአርአይ ክፍል ሳይጣራ መግባት የለበትም። «ይቀየርልኝ» ከማለት «በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ ይህንኑ ማወቅ ይቻላል?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

አሁን ወደ ወተቱ። ይህን ከሰው ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ። ቀለም የሚቀቡና ጋራዥ የሚሠሩ ሰዎች ወተት ይጠጣሉ፤ መርዝ ያጠፋል ይባላል። እምነቱ ወደ ራጅ ክፍልም ገብቷል። ግን ሲቲ ስካን ሰውነታችሁ ውስጥ የሚተወው ጨረር የለም። ማብሪያውን ስታጠፉት የክፍሉ ብርሃን እንደሚቆም፣ ማሽኑ ሲቆም ጨረሩም ያኔውኑ ያበቃል። የሚታጠብ ነገር የለም። ወተት ጠጡ፤ ለረሃብ ጥሩ ነው። ልጃችሁንም እቀፉ፤ አብራችሁም ተኙ።

ጸሐፊው ይህን ከየት እንዳመጡት እገምታለሁ። በራዲዮአክቲቭ መድኃኒት የሚደረግ ሌላ ዓይነት ምርመራና ሕክምና አለ። ለምሳሌ የታይሮይድ ካንሰር ታካሚ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሲወስድ ለተወሰነ ቀን ከልጅና ከነፍሰ ጡር እንዲርቅ ይነገረዋል። ያ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ሆኖ ጨረር ስለሚያወጣ ነው። ከሲቲ ስካን ጋር ግንኙነት የለውም።

ኮንትራስት ላይ ሰፋ አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ። ሰው ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ «እሱን መርፌ አልፈልግም» የሚለው በዚህ ነጥብ የተነሳ ነው።

ኮንትራስት አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ነው። ደም ሥርና የአካል ክፍሎች ጎልተው እንዲታዩ ያደርጋል። ለኩላሊት ጠጠርና ለጭንቅላት ደም መፍሰስ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ለጉበት እጢ፣ ለካንሰር ክትትል፣ ሳንባ ውስጥ ለተዘጋ ደም ሥር ግን ያለ እሱ የሚነሳው ሲቲ ስካን ዋናውን ነገር ሊያስመልጥ ይችላል። ይህን ነጥብ አስቡበት። ታካሚው እምቢ ብሎ ያለ ኮንትራስት ይነሳል። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱ፣ «በኮንትራስት ይደገም» ብሎ ይጽፋል። ሁለት ጊዜ ጨረር፣ ሁለት ጊዜ ወጪ። ጨረር የፈራው ሰው እጥፉን ወሰደ ማለት ነው።

ኩላሊት ያበላሻል የሚለው ከባዶ አልመጣም። የድሮ ጥናቶች ክሬቲኒንን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ከኮንትራስት በፊትና በኋላ እየለኩ ጭማሪውን ሁሉ በኮንትራስት ላይ ይጥሉት ነበር። ግን ሆስፒታል የተኛ ሰው ኢንፌክሽን አለበት፣ ፈሳሽ አንሶታል፣ ሌላ መድኃኒት ይወስዳል። ክሬቲኒኑ ያለ ኮንትራስትም ይወጣል። በኋላ ኮንትራስት የወሰዱትን ካልወሰዱት ጋር ሲያነጻጽሩ ልዩነቱ ከተባለው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅና የአገሪቱ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን በጋራ ሲጽፉ አደጋው ተጋንኖ እንደነበር ገልጸዋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዋናነት የኩላሊቱ የማጣራት አቅም (ከክሬቲኒን የሚሰላ ቁጥር ነው) ከ30 በታች ለሆነ ሰው ወይም ኩላሊቱ በድንገት ለተጎዳ ሰው ነው። ለእነሱም ቢሆን በሩ ዝግ አይደለም፤ ሐኪሙ ጥቅሙን መዝኖ፣ በደም ሥር ፈሳሽ ሰጥቶ ሊያነሳቸው ይችላል። ክሬቲኒን ከምርመራው በፊት የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ቅርብ ጊዜ ተመርምራችሁ ከሆነ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፤ እንደገና አትክፈሉ።

የስኳር ታካሚዎች፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። ሜትፎርሚንን ከሳምንት በፊት ማቆም የሚል መመሪያ አላውቅም። በአሜሪካው ኮሌጅ መመሪያ መሠረት የማጣራት አቅሙ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነና ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት የሌለበት ሰው በደም ሥር ለሚሰጥ ኮንትራስት ሜትፎርሚን ማቆም አያስፈልገውም። ከ30 በታች ከሆነ በምርመራው ጊዜ ያቆማል፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ኩላሊቱ ታይቶ ይመለስበታል። የምትታዩበት ሆስፒታል ጠበቅ ያለ ደንብ ካለው እሱን ተከተሉ። በራስ ውሳኔ ሳምንት ሙሉ መድኃኒት ማቆም ግን ስኳሩን ያስነሳዋል። ስኳሩ ሲነሳ ኩላሊት ይጎዳል፤ ጽሑፉ ከዚያ አድናለሁ ያለው ኩላሊት።

የባህር ምግብ ጉዳይ ያረጀ ወሬ ነው። ሽሪምፕ የማይስማማው ሰው የሚቆጣው በሽሪምፑ ውስጥ ላለ ፕሮቲን ነው። አዮዲን አይደለም። በየቀኑ ወጣችን ውስጥ የምንጨምረው ጨው አዮዲን አለበት፤ በእሱ አለርጂ የሚሆን የለም። መናገር ያለባችሁ ሌላ ነው፤ ከዚህ በፊት ኮንትራስት ተሰጥቷችሁ ሰውነታችሁ አብጦ፣ አሳክኳችሁ ወይም ትንፋሽ አጥሯችሁ ከሆነ። አስምና ሌላ ከባድ አለርጂ ካለባችሁም ንገሩን። አሁን በምንጠቀምባቸው የኮንትራስት ዓይነቶች ከባድ የአለርጂ ምላሽ የሚደርሰው ከ10 ሺህ ሰው በጥቂቱ ነው፤ መድኃኒቱም ክፍሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት።

ጽሑፉ ስለ ሽሪምፕ አንድ አንቀጽ ሙሉ ጽፎ ስለ እንቅርት አንድ ቃል የለውም። እዚህ ላይ በጣም አዘንኩ። ሽሪምፕ የሚበላ ሰው በአካባቢያችን ስንት ነው? እንቅርት ግን በደጋው አገራችን በአዮዲን እጥረት የተነሳ የቆየ ችግር ነው። አንድ የኮንትራስት መርፌ ሰውነት በቀን ከሚፈልገው እጅግ የበዛ አዮዲን ይዟል። የቆየ፣ በተለይ እባጭ እባጭ ያለበት እንቅርት ያለው ሰው ከሳምንታት በኋላ የታይሮይድ ሆርሞኑ ሊበዛበት ይችላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይበዛል፣ ክብደት ይቀንሳል። ሆርሞኑ ቀድሞ የበዛበት ሰው ደግሞ ሐኪሙ ሳያውቅ ኮንትራስት መውሰድ የለበትም። ስለዚህ እናታችሁን ስታመጡ ነጠላዋ የአንገቷን እብጠት ቢሸፍነውም እናንተ ተናገሩ።

መርፌው ሲገባ ምን እንደሚሰማም ጽሑፉ አልተናገረም፤ ሰው የሚደነግጠው ግን በዚህ ነው። መላ ሰውነት በድንገት ይሞቃል። አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይመጣል። ሽንት ያመለጠ ይመስላል፤ አላመለጠም። ከደቂቃ በኋላ ያልፋል። ክንዳችሁ መርፌው በገባበት ቢያምና ቢያብጥ ግን አትቻሉት፤ ወዲያው ጩኹ። እኛ በመስታወቱ በኩል እናያችኋለን፣ እንሰማችኋለንም።

ባዶ ሆድ ኑ ስትባሉ ውኃም ይሁን አይሁን ጠይቁ። ጾመኛ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ ሊመጣ ይችላል፤ ለኮንትራስት ግን ሰውነት ፈሳሽ ባያንሰው ይመረጣል። የግፊት መድኃኒታችሁን ሐኪም ካልከለከለ ዋጡ። ማተብ ላይ ያለ የብረት መስቀል፣ ሐብልና የፀጉር ሽቦ በሚነሳው ቦታ ካለ ይወልቃል፤ ምስሉን ስለሚያበላሽ ነው። አንዳንድ ማሽን ላይ «ትንፋሽ ሳቡ፣ ያዙ» የሚለው ድምፅ በእንግሊዝኛ የተቀዳ ነው። ካልገባችሁ አስቀድማችሁ በአማርኛ እንዲነገራችሁ ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ የኩላሊትና የአለርጂ ጥያቄ በልጅ አታስተርጉሙ።

ለነፍሰ ጡር «በፍጹም» የሚለውም መስተካከል አለበት። የወር አበባ የቀረባት ሴት ሳትጠየቅም ትናገር፤ ይህ ግዴታ ነው። ለሆድ ሕመም መጀመሪያ አልትራሳውንድ ይሞከራል። ግን የጭንቅላት ወይም የደረት ሲቲ ስካን ሲነሳ ፅንሱ ላይ የሚደርሰው ጨረር በጣም ትንሽ ነው። ሳንባዋ ውስጥ ደም የረጋባት እናት ሳትመረመር ብትቀር ሁለቱም ሊሞቱ ይችላሉ።

ስለ ማጥባት የተጻፈው ከሁሉም አስቆጥቶኛል። ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው ኮንትራስት እናት ከወሰደችው ከመቶ አንድ እጅ ያነሰ ነው። ከዚያም ላይ የሕፃኑ አንጀት የሚመጥጠው እንደገና ከመቶ አንድ እጅ በታች ነው። መመሪያው ማጥባት ትቀጥል ይላል። በጣም የሰጋች እናት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ወተቷን እያለበች ልትደፋው ትችላለች፤ ግዴታ ግን አይደለም። ሳምንት ሙሉ ካቆመች ወተቷ ሊደርቅ ይችላል። ሕፃኑ በጡጦ፣ ምናልባትም ባልተፈላ ውኃ በተበጠበጠ ወተት ተቅማጥ ይይዘዋል። ይህ በግምት የተሰላ አደጋ አይደለም፤ በየሕፃናት ክፍሉ የሚታይ ነው።

ጽሑፉ «እምቢ በሉ» እያለ ሳለ ሐኪም ሳያዝላቸው ራሳቸው ስለሚመጡ ሰዎች ዝም ብሏል። «ሙሉ ሰውነቴን ለቼክአፕ አንሱኝ» የሚል ጤነኛ ሰው አለ። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ምልክት ለሌለው ጤነኛ ሰው ሙሉ ሰውነት በሲቲ ስካን መፈተሽ ጥቅሙ እንዳልተረጋገጠ ይናገራል። ጉዳቱ ጨረር ብቻ አይደለም። ሳንባ ላይ የድሮ የቲቢ ጠባሳ ይታያል፣ ኩላሊት ላይ ተራ የውኃ ከረጢት ይታያል። ከዚያ ተከታታይ ምርመራ፣ መርፌና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ሌላው ድግግሞሽ ነው። ሆስፒታል ሲቀየር ፊልሙ ይጠፋና እንደ አዲስ ይነሳል። ሲዲውንና ሪፖርቱን አስቀምጡ፤ ፊልሙን ፍራሽ ሥር አትክተቱት። ሆድን «ያለ ኮንትራስትም ከኮንትራስት ጋርም» የሚል ትዕዛዝ ካያችሁም ሁለቱም ያስፈልጉ እንደሆነ ጠይቁ፤ ጨረሩ ወደ 15 ሚሊሲቨርት ይጠጋል።

ለሐኪሙ አንድ ጥያቄ ብቻ የምትጠይቁ ቢሆን ይህን ጠይቁ፦ «ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ወይም እንዲያ ቢሆን ሕክምናዬ ምን ይቀየራል?» መልስ ካለው ሲቲ ስካኑን ተነሱ። «ለማንኛውም እንየው» ካለ «ትንሽ ብንጠብቅስ?» በሉ።

አስቸኳይ ጊዜ ግን መጠበቅ የለም። ፊቱ በድንገት የተጣመመ፣ አንደበቱ የተያዘ ሰው አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ይሁን ደም ሥር ተዘግቶ ከውጭ በማየት ብቻ አይለይም። ሕክምናቸው ተቃራኒ ነው። ለአንዱ የሚሰጠው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሌላውን ሊገድል ይችላል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መጀመር አለበት። የሚለየው የጭንቅላት ሲቲ ስካን ነው፤ ያ ጨረሩ ከወገብ ራጅ ብዙም የማይርቀው።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ስለ ጨረር ቁጥር መከራከር እንችላለን፤ ጊዜ አለን። የማጥባቱንና የሜትፎርሚኑን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ አርሙልን። ጽሑፉን ላጋራችኋቸው ሰዎችም እርማቱ ይድረሳቸው።